አዲስ ዋና አሰልጣኝ ሲቀጠር ምን ይመዘናል? የኤንኤፍኤል ቡድኖች አማራጮች በንጽጽር

በአሜሪካ ፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊግ፣ በኤንኤፍኤል፣ የመደበኛው ውድድር የመጨረሻ ጨዋታ በጃንዋሪ መጀመሪያ እንደተጠናቀቀ በርከት ያሉ ቡድኖች ዋና አሰልጣኛቸውን አሰናብተው ፍለጋ ይጀምራሉ። በ2025 መግቢያ ላይ ከ32ቱ ቡድኖች ሰባቱ አዲስ ሰው ቀጠሩ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኒው ኢንግላንድ ማይክ ቭሬብልን፣ ቺካጎ ቤን ጆንሰንን፣ ጃክሰንቪል ሊያም ኮኤንን፣ ኒው ዮርክ ጄትስ አሮን ግሌንን፣ ላስ ቬጋስ ፒት ካሮልን፣ ዳላስ ብራያን ሾተንሃይመርን፣ ኒው ኦርሊንስ ኬለን ሙርን መረጡ። ከእነዚህ መካከል ቀደም ሲል በሌላ ቡድን ዋና አሰልጣኝ ሆኖ የተሰናበተ አለ፤ ማጥቃትን ብቻ ሲመራ የቆየ ወጣት አለ፤ መከላከልን ይመራ የነበረ የቀድሞ ተጫዋች አለ፤ በ73 ዓመቱ የተመለሰ አንጋፋም አለ። ሁሉንም በአንድ መስፈርት ለመለካት የሚሞክር ሰው መሳሳቱ አይቀርም።

የቅጥር ዜና በወጣ ቁጥር አብዛኛው ደጋፊ የሚመዝነው ስሙንና የመጀመሪያውን ጋዜጣዊ መግለጫ ነው። ይህን ዜና ለዓመታት ስከታተል የተረዳሁት ግን፣ ፊርማው የአንድ ሰው ቢሆንም ቡድኑ የሚያገኘው ሦስት ነገሮችን በአንድ ላይ መሆኑን ነው፦ ሰውየው ከዚህ በፊት በገዛ እጁ የሠራው ሥራ፣ ይዟቸው የሚመጣው ረዳቶች፣ እንዲሁም የሚገባበት ቤት፣ ማለትም ባለቤቱ፣ ጄኔራል ማናጀሩ (ተጫዋቾችን የሚመርጠው ኃላፊ) እና ኳርተርባኩ (ኳሷን እየወረወረ ማጥቃቱን ሜዳ ላይ የሚመራው ተጫዋች)። ከዚህ በታች የማነጻጽራቸው አማራጮች የሚለያዩት ከሦስቱ በየትኛው ላይ ጠንክረው በየትኛው ላይ እንደሚሳሱ ነው።

ማጥቃትን የሚመራው ወጣት

ዛሬ በሊጉ ተፈላጊ የሆነው የማጥቃት አስተባባሪ፣ ማለትም በዋና አሰልጣኙ ሥር ማጥቃቱን የሚመራው ረዳት ነው። ለዚህ መነሻ የሆነው ሎስ አንጀለስ ራምስ በጃንዋሪ 2017 ሾን ማክቬይን መቅጠሩ ነው። ማክቬይ በወቅቱ 31 ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። በ2016 በ4 ድልና በ12 ሽንፈት ያጠናቀቀው ቡድን በመጀመሪያው ዓመቱ 11 አሸንፎ 5 ተሸነፈ፣ በፌብሩዋሪ 2022 ደግሞ ሲንሲናቲን 23 ለ 20 በማሸነፍ የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ፣ ሱፐር ቦውልን ወሰደ። ከዚያ በኋላ ከማክቬይ ጋር የሠሩ ሰዎች በሙሉ ይፈለጉ ጀመር፤ ማት ላፍለር ወደ ግሪን ቤይ፣ ዛክ ቴይለር ወደ ሲንሲናቲ፣ ኬቨን ኦኮኔል ወደ ሚኒሶታ ሄዱ።

ከማክቬይ ታሪክ ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ። ወጣቱ አሰልጣኝ ሥራ ሲጀምር የመከላከሉን ክፍል የሰጠው ዕድሜው ወደ 70 ለተጠጋው፣ ቀደም ሲል ራሱ ዋና አሰልጣኝ ለነበረው ለዌድ ፊሊፕስ ነው። ማክቬይ ጉልበቱን በሙሉ በሚያውቀው ሥራ ላይ አዋለ፤ የማያውቀውን ግማሽ ደግሞ ከእርሱ በዕድሜ በእጥፍ ለሚበልጥ ባለሙያ በአደራ ተወ። ስለዚህ ወጣት የማጥቃት አሰልጣኝ ሲቀጠር ከእርሱ ስም ቀጥሎ የምፈልገው የመከላከል አስተባባሪውን ስም ነው። ቤን ጆንሰን ቺካጎ እንደገባ የኒው ኦርሊንስ ዋና አሰልጣኝ የነበረውን ዴኒስ አለንን ለመከላከሉ ማምጣቱ፣ በእኔ ግምት፣ በዚያ ወር ከተሰሙት ዜናዎች ሁሉ የተሻለው ምልክት ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ በቀድሞው ቡድን ጨዋታውን ይጠራ የነበረው፣ ማለትም ቡድኑ በእያንዳንዱ ሙከራ ምን እንደሚያደርግ ይመርጥ የነበረው ማን ነው የሚል ነው። ጆንሰን በዲትሮይት ጨዋታ የሚጠራው ራሱ ነበር፤ በ2024ም ዲትሮይት ከሊጉ ሁሉ በላይ ነጥብ አስቆጥሯል። ናትኒየል ሃኬት ግን ዴንቨር በ2022 ሲቀጥረው ከግሪን ቤይ የመጣ የማጥቃት አስተባባሪ ቢሆንም፣ በዚያ ጨዋታ የሚጠራው ዋና አሰልጣኙ ላፍለር ነበር፤ ኳርተርባኩም በ2020 እና በ2021 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች የተባለው አሮን ሮጀርስ ነበር። ለሁለቱ መቆጠር የነበረበት ውጤት ወደ ሃኬት መዝገብ ገብቶ ተነበበ።

የዚህ ስሕተት ውጤት በመጀመሪያው ጨዋታ ታየ። ሴፕቴምበር 12 ቀን 2022 ሲያትል ላይ ዴንቨር 17 ለ 16 እየተመራ፣ ጨዋታው ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ያህል ሲቀረው ኳሷ በእጁ ነበረች። ቡድን 10 ያርድ ለመግፋት አራት ሙከራ ነው ያለው፤ ዴንቨር ሦስቱን ጨርሶ በአራተኛው አምስት ያርድ ያስፈልገው ነበር። ሰዓት ማስቆሚያ የሆኑት ሦስቱም ታይም አውቶቹ አልተነኩም። ቡድኑ ብዙ የድራፍት (ቡድኖች ከኮሌጅ የሚወጡ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት) ምርጫ ከፍሎ ከዚያው ከሲያትል ያመጣው ኳርተርባክ ራስል ዊልሰንም ሜዳ ላይ ቆሟል። ሃኬት ሰዓቱ ወደ 20 ሰከንድ እስኪወርድ ጠበቀ፣ ታይም አውት ጠራ፣ ከዚያም ዊልሰንን አስወጥቶ መቺው ብራንደን ማክማነስ ከ64 ያርድ ፊልድ ጎል፣ ማለትም ኳሷን በእግር መትቶ በምሰሶዎቹ መካከል ማሳለፍን፣ እንዲሞክር አደረገ። እስከዚያን ቀን ከዚያ በላይ ርቀት ያገባ ሰው በሊጉ ታሪክ አንድ ብቻ ነበር። ኳሷ በግራ በኩል ወጣች። ብዙም ሳይቆይ ቡድኑ በጨዋታ ላይ ውሳኔ ብቻ የሚያማክር አንጋፋ ረዳት ጨመረ፤ ሃኬት ግን በ15 ጨዋታ 4 ድልና 11 ሽንፈት አስመዝግቦ የውድድር ዘመኑ ሳያልቅ ተሰናበተ። ጥሩ የጨዋታ ሐሳብ መንደፍና በ40 ሰከንድ ውስጥ ሰዓትን፣ ርቀትንና የተጫዋቾችን አቅም አስልቶ መወሰን ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው፤ የመጀመሪያውን ያሳየ ሰው ሁለተኛውን ያውቃል ብሎ መገመት ውድ ዋጋ ያስከፍላል።

ይህ መስፈርት ብቻውን በቂ አይደለም። ኦኮኔል በራምስ የማጥቃት አስተባባሪ ሳለም ጨዋታ የሚጠራው ማክቬይ ነበር፤ ሆኖም ሚኒሶታ ላይ ተሳክቶለታል። ሰውየው በራሱ ሥልጣን የወሰነው ነገር በማይታይበት ጊዜ፣ ቀጣሪው በቃለ መጠይቁ ስለ ረዳቶቹና ስለ ጨዋታ ውሳኔ በዝርዝር ሊጠይቀው ይገባል፤ ውጭ ያለን ሰዎች ደግሞ ፍርዳችንን ማዘግየት ይኖርብናል።

የመከላከል አሰልጣኝ

ከመከላከል በኩል የሚመጣ ዋና አሰልጣኝ ዋናው አደጋው ውድቀቱ ሳይሆን ስኬቱ ነው። የማጥቃት አስተባባሪው ጎበዝ ከሆነ ሌላ ቡድን ዋና አሰልጣኝ አድርጎ ይወስድበታል። አትላንታ በ2015 ዳን ክዊንን ቀጥሮ በሁለተኛው ዓመት ሱፐር ቦውል ደረሰ፤ በዚያ ዓመት ቡድኑ 540 ነጥብ ያስቆጠረው በካይል ሻናሃን በሚመራ ማጥቃት ነበር። ሻናሃን ጨዋታው እንዳለቀ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሄደ፤ በቀጣዩ ዓመት፣ ያው ኳርተርባክ ማት ራያን እያለ፣ ነጥቡ ወደ 353 ወረደ። ክዊን ከዚያ በኋላ ያንን ከፍታ አላገኘውም፤ በ2020 አምስት ተከታታይ ሽንፈት ከደረሰበት በኋላ ተሰናበተ።

ስለዚህ የመከላከል አሰልጣኝ ሲቀጠር የሚጠየቀው "ማጥቃቱን ማን ይመራል?" ብቻ ሳይሆን "እርሱ ሲሄድስ ማን ይተካዋል?" የሚልም ነው። ሲያትል በ2024 የቀጠረው ማይክ ማክዶናልድ እዚህ ላይ ጥሩ ምሳሌ ነው። በመጀመሪያው ዓመት 10 አሸንፎ 7 ቢሸነፍም ማጥቃቱ አላረካውምና አስተባባሪውን አሰናብቶ ክሊንት ኩቢያክን አመጣ፤ በፌብሩዋሪ 2026 ኒው ኢንግላንድን 29 ለ 13 በማሸነፍ ሱፐር ቦውልን ወሰደ። መከላከልን አጥብቆ የሚያውቅ ሰው በማያውቀው ክፍል ላይ እንዲህ ፈጥኖ ሲወስን ሳይ፣ ለዋና አሰልጣኝነት የሚያስፈልገው ፍርድ አለው እላለሁ። ከዲትሮይት የመከላከል አስተባባሪነት ወደ ጄትስ የሄደው አሮን ግሌን ግን በ2025 በ3 ድልና በ14 ሽንፈት ነው የጨረሰው፤ የተረጋገጠለት ኳርተርባክ በሌለበት ቤት መግባቱ ፍርዱን ያከብደዋል።

አንድ ጊዜ የተሰናበተው

ደጋፊ በጣም የሚያጣጥለው አማራጭ ይህ ነው፤ እኔ ደግሞ ከሚገባው በታች የተመዘነ አድርጌ የማየው እርሱኑ ነው። ቢል ቤሊቺክ በክሊቭላንድ አምስት ዓመት ቆይቶ 36 ጊዜ አሸንፎ 44 ጊዜ ተሸንፎ ተሰናብቷል፤ በኒው ኢንግላንድ ስድስት ሱፐር ቦውል አሸነፈ። አንዲ ሪድ ከፊላደልፊያ የተሰናበተው ቡድኑ 4 አሸንፎ 12 በተሸነፈበት ዓመት ማብቂያ ነው፤ በ2013 ካንሳስ ሲቲ ሲገባ ከዚያ በፊት ሁለት ጨዋታ ብቻ ያሸነፈውን ቡድን ወደ 11 ድል አደረሰው፣ በኋላም ሦስት ሱፐር ቦውል ጨመረ።

ይሁን እንጂ የቆየ ስም ሁሉ ሪድን አይሆንም። ፒት ካሮል ከጄትስና ከኒው ኢንግላንድ ከተሰናበተ በኋላ በኮሌጅ ራሱን አድሶ ሲያትልን ለድል ማብቃቱ እውነት ነው፤ በ2025 ላስ ቬጋስ ሲወስደው ግን 3 አሸንፎ 14 ተሸነፈ፣ በአንድ ዓመት ውስጥም ተሰናበተ። ልዩነቱ የሚገኘው ሰውየው በሁለቱ ሥራዎች መካከል የቀየረው ነገር ላይ ነው። ማይክ ቭሬብል ከቴነሲ ከተሰናበተ በኋላ 2024ን በክሊቭላንድ በአማካሪነት አሳለፈ፤ ኒው ኢንግላንድ ሲገባም ለማጥቃቱ ያመጣው ጆሽ ማክዳኒልስን ነው። ማክዳኒልስ በዋና አሰልጣኝነት በሁለት ቡድኖች ያልተሳካለት፣ በአስተባባሪነት ግን የተመሰከረለት ሰው ነው። ወጣቱ ኳርተርባክ ድሬክ ሜይ በሁለተኛ ዓመቱ ላይ ነበር፤ ባለቤቱም በነጻ ተጫዋቾች ገበያ ብዙ ገንዘብ አፈሰሰ። ቡድኑ ከ4 ድል ወደ 14 ድል ወጥቶ ሱፐር ቦውል ደረሰ። ሦስቱም ነገሮች፣ ማለትም ሰውየው፣ ረዳቱና ቤቱ፣ በአንድ ጊዜ የገጠሙበት ቅጥር ነበር።

በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖረው ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚከታተለው ኮማንደርስም የዚሁ አማራጭ ምሳሌ ነው። አዲሱ ባለቤት ጆሽ ሃሪስ በ2024 መጀመሪያ ላይ መጀመሪያ ጄኔራል ማናጀሩን አዳም ፒተርስን ቀጠረ፤ ከዚያ ዳን ክዊን መጣ፤ ክዊን ደግሞ የአሪዞና ዋና አሰልጣኝ የነበረውን ክሊፍ ኪንግስበሪን ለማጥቃቱ አመጣ፤ በድራፍቱም ሁለተኛው ምርጫ በኳርተርባክ ጄይደን ዳንኤልስ ላይ ዋለ። 4 ጊዜ ብቻ ያሸነፈው ቡድን በአንድ ዓመት 12 ጊዜ አሸነፈ፤ ወደ ሱፐር ቦውል የሚያሳልፈው ጨዋታ ላይም ደረሰ። በ2025 ዳንኤልስ በጉዳት ከግማሽ በላይ ጨዋታ ሲያመልጠው ድሉ ወደ 5 ወረደ። ስለዚህ በ2024 ክዊንን ከልክ በላይ ያሞገሰው ደጋፊ በ2025 ከልክ በላይ ሊኮንነው አይገባም፤ ከኳርተርባኩ ተነጥሎ የሚነበብ የአሰልጣኝ ውጤት የለም።

ከኮሌጅ የሚመጣው

ይህ አማራጭ ከሁሉም በላይ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። የኮሌጅ አሰልጣኝ የሚፈልጋቸውን ልጆች ራሱ ይመለምላል፤ ጠንካራ ዩኒቨርሲቲ ከሆነም በዓመቱ ከሚያጋጥሙት ቡድኖች ብዙዎቹ ከእርሱ ያነሱ ናቸው። በኤንኤፍኤል ግን ሁሉም ቡድን እኩል የደመወዝ ጣሪያ አለበት፣ ደካማው ቡድን በድራፍት ቀድሞ ይመርጣል፣ ተጫዋቹም ቤተሰብ የሚያስተዳድር ባለሙያ ነው። በኮሌጅ ሦስት ብሔራዊ ሻምፒዮና ያሸነፈው አርባን ማየር በ2021 ጃክሰንቪል ላይ ከ13 ጨዋታ ሁለቱን ብቻ አሸንፎ ዓመቱ ሳያልቅ ተባረረ። ኒክ ሴበን እንኳ በማያሚ ሁለት ዓመት ቆይቶ ወደ ኮሌጅ ተመልሷል። ጂም ሃርቦ ከዚህ የተለየ ነው፤ እርሱ ራሱ በሊጉ ለረጅም ጊዜ ኳርተርባክ ሆኖ የተጫወተ ስለሆነ የተጫዋቹን ኑሮ ያውቀዋል። ከስታንፎርድ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሲመጣ በመጀመሪያው ዓመት 13 አሸነፈ፤ ከሚሺጋን በ2024 ወደ ሊጉ ተመልሶ ሎስ አንጀለስ ቻርጀርስን ሲይዝም ከ5 ድል ወደ 11 ድል አሳደገው። ከኮሌጅ የሚመጣ ዕጩ በሊጉ ውስጥ በተጫዋችነት ወይም በረዳትነት ያሳለፈው ዘመን ከሌለው፣ እኔ አልመርጠውም።

ጨዋታ የማይጠራው

ማጥቃትንም መከላከልንም በቀጥታ የማይመራ፣ ሁለቱንም ከላይ ሆኖ የሚያስተዳድር አሰልጣኝ አለ። ባልቲሞር በ2008 የቀጠረው ጆን ሃርቦ በፊላደልፊያ ለዓመታት ልዩ ቡድኖችን (ኳስ በእግር በሚመታበት ጊዜ የሚገቡትን ተጫዋቾች) የመራ ነበር፤ በፌብሩዋሪ 2013 ሱፐር ቦውል ወስዷል። ዲትሮይት በ2021 የቀጠረው ዳን ካምቤልም እንዲሁ። የመጀመሪያው ዓመት 3 ድል፣ 13 ሽንፈትና አንድ አቻ ነበር፤ ከዚያ 9፣ ከዚያ 12፣ ከዚያ 15 አሸነፈ።

የእንዲህ ያለ ሰው ዋና ችሎታ ሰው መምረጥ ነው፤ ስለዚህ ረዳቶቹ ሲሄዱ ይፈተናል። ጆንሰንና ግሌን በአንድ ጃንዋሪ ከለቀቁ በኋላ ዲትሮይት በ2025 ወደ 9 ድል ወርዶ ከፕሌይኦፍ፣ ከመደበኛው ውድድር በኋላ ካለው የጥሎ ማለፍ ውድድር፣ ውጪ ሆነ፤ ካምቤልም በመካከሉ ጨዋታ መጥራቱን ራሱ ለመያዝ ተገደደ።

የካምቤል ሌላው ትምህርት ውሳኔን ከውጤት ለይቶ ማየት ነው። በጃንዋሪ 2024 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ 24 ለ 10 እየመራ፣ ከተጋጣሚው 28 ያርድ መስመር ላይ በአራተኛ ሙከራ ፊልድ ጎል ከመምታት ይልቅ ሁለቱን ያርድ ለመግፋት ወሰነ፤ ኳሷ ከተቀባዩ እጅ አመለጠች፣ ቡድኑም በመጨረሻ 34 ለ 31 ተሸነፈ። ውሳኔው ብዙ ተተችቷል። ነገር ግን ካምቤል ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ሲወስን ነበር፤ እዚያ የደረሰውም በዚያው መንገድ ነው። ወጥ የሆነ አሠራር ያለውን ሰው በአንድ የወደቀች ኳስ መፍረድ ትክክል አይደለም፤ የሃኬት የሲያትሉ ውሳኔ ግን ኳሷ ብትገባ እንኳ መጥፎ ውሳኔ ነበር።

የሚገባበት ቤት

ፒትስበርግ ከ1969 እስከ 2025 የውድድር ዘመን ድረስ የነበሩት ዋና አሰልጣኞች ሦስት ብቻ ናቸው። በ2007 ማይክ ቶምሊንን ሲቀጥር በቤቱ ውስጥ ሁለት የታወቁ ዕጩዎች ነበሩት፤ እርሱ ግን በአስተባባሪነት አንድ ዓመት ብቻ የሠራ የ34 ዓመት ሰው መረጠ፣ ትዕግሥትም ሰጠው። ክፍት ቦታ ሲኖር የአናሳ ማኅበረሰብ ዕጩዎች ቃለ መጠይቅ እንዲደረግላቸው የሚያስገድደው የሊጉ ደንብ በ2003 የወጣው በዚሁ ቡድን ባለቤት በዳን ሩኒ ስም ነው፤ የቶምሊን ቅጥር ፍለጋውን ከልብ ማስፋት ምን እንደሚያስገኝ ያሳያል። በተቃራኒው ካሮላይና በ2023 ፍራንክ ራይክን ከ11 ጨዋታ በኋላ አሰናብቷል። ያው አሰልጣኝ በሁለቱ ቤቶች እኩል ዕድል አይኖረውም።

ሥልጣንም መታየት አለበት። ፊላደልፊያ ቺፕ ኬሊ በሁለት ዓመት 20 ጨዋታ ካሸነፈ በኋላ የተጫዋች ምርጫውን ለእርሱ ሰጠው፤ በዚያው ዓመት፣ በ2015፣ አንድ ጨዋታ ሲቀረው ተሰናበተ። አሰልጣኙ የጄኔራል ማናጀሩን ሥራ ካልደረበ አልመጣም ሲል ብጠነቀቅ እመርጣለሁ። የዝውውር ዋጋም ሌላው ነጥብ ነው፤ ዴንቨር ከሃኬት በኋላ ሾን ፔይተንን ለማምጣት የመጀመሪያ ዙርና የሁለተኛ ዙር የድራፍት ምርጫ ለኒው ኦርሊንስ ከፍሎ የሦስተኛ ዙር ምርጫ ተቀብሏል። በሁለተኛው ዓመት 10 ጨዋታ አሸንፎ ፕሌይኦፍ በመግባቱ ዋጋው ተገቢ ነበር እላለሁ።

ውጤቱ መቼ ይነበባል

የመጀመሪያው ዓመት በሁለቱም አቅጣጫ ያታልላል። ዛክ ቴይለር በሲንሲናቲ የመጀመሪያው ዓመት 2 አሸንፎ 14 ተሸነፈ፤ በሁለተኛው ዓመት ያሸነፈው 4 ብቻ ነው፤ በሦስተኛው ዓመት፣ ኳርተርባኩ ጆ በሮው ጤነኛ ሆኖ ሲመለስ፣ ሱፐር ቦውል ደረሰ። ብራያን ዳቦል ግን በ2022 ኒው ዮርክ ጃይንትስን ፕሌይኦፍ አስገብቶ የዓመቱ አሰልጣኝ ከተባለ በኋላ በ6 ድል፣ ከዚያ በ3 ድል ጨርሶ በኖቬምበር 2025 ተሰናበተ።

ድልን ስንቆጥር በጠባብ ልዩነት የተገኘውን መለየት ይጠቅማል። ሚኒሶታ በ2022፣ በኦኮኔል የመጀመሪያ ዓመት፣ ከ17 ጨዋታ 13 አሸንፏል፤ በስምንት ነጥብና ከዚያ ባነሰ ልዩነት የተጠናቀቁትን 11 ጨዋታዎች በሙሉ አሸንፎ ሳለ፣ በዓመቱ ያስቆጠረው ነጥብ ከተቆጠረበት በሦስት ያንስ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ድሉ ወደ 7 ወረደ። ኳስ መንጠቅም እንዲሁ ከዓመት ወደ ዓመት የማይጸና ነገር ነው። ቺካጎ በ2018 በማት ናጊ የመጀመሪያ ዓመት 12 ጨዋታ ሲያሸንፍ በነጠቃ ከሊጉ አንደኛ ነበር፤ ናጊም የዓመቱ አሰልጣኝ ተባለ። ነጠቃው ሲቀንስ ማጥቃቱ ክፍተቱን መሙላት ስላልቻለ ቡድኑ በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት በየዓመቱ 8 ብቻ አሸነፈ።

ያው ቺካጎ በ2025 በጆንሰን የመጀመሪያ ዓመት ከ5 ድል ወደ 11 ድል ሲወጣ እንደገና በነጠቃ ሊጉን መርቷል፤ ልዩነቱ አሁን ኳርተርባኩ ኬለብ ዊልያምስ መሆኑና ጨዋታውን የሚጠራው ሰው ከዲትሮይት ይዞት የመጣው የራሱ ሥራ መሆኑ ነው። ስለዚህ ጆንሰንን በሁለተኛው ዓመቱ ስመዝን መጀመሪያ የማየው የድሉን ቁጥር ሳይሆን፣ ነጠቃው ወደ ሊጉ አማካይ ሲወርድ ማጥቃቱ በየጨዋታው ስንት ነጥብ እንደሚያስቆጥር ነው።